ጫት ያልተሸጠበት ቀን

መምህርት ዘርፈሽዋል ጭሮ የመጣችው ለሁለት ዓመት ተብላ ነው። ከደብረ ብርሃን ስትነሳ እናቷን «ሁለት ክረምት ታገሺኝ፣ ዝውውር አገኛለሁ» ብላ በአንድ ሻንጣና በአንድ ጥቁር ጃንጥላ ወጣች። ዝውውሩ ሳይመጣ ሁለቱ ክረምት ሃያ ስድስት ሆነና ጡረታው ቀድሞ ደረሰ። ሻንጣው ካለቀ ቆይቷል። ጃንጥላው ግን ዘንጉም ጨርቁም በየተራ እየተቀየረ፣ «ያው የደብረ ብርሃኑ ነው» እየተባለ እስከ ዛሬ አለ። ደጅ ጸሐይ ይከልልላታል፣ ክፍል ውስጥ ካርታ ያሳይላታል፣ ኮሪደር ላይ ያረፈደ ተማሪ ያስቆምላታል።

የምታስተምረው ታሪክ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በኦሮምኛ፣ ቁጣዋ በአማርኛ። ስለ የትኛውም ዘመን ስታወራ፣ ንጉሡ ዘምቶ፣ ነጋዴው ግመሉን ጭኖ፣ ገበሬው አምፆ መሀል ላይ ሲደርስ ድንገት ትቆምና ጃንጥላዋን ወደ ኮርኒሱ ቀስራ «ሴቶቹስ?» ትላለች። ተማሪው ሴቶቹ በዚያን ጊዜ የት እንደነበሩ፣ ምን ይሠሩ እንደነበር ካልተናገረ ንጉሡ ከዘመተበት አይመለስም፣ ግመሉም እንደ ተጫነ ይቆማል። አንዱ ደፋር «ቲቸር፣ አልተጻፈም» ካለ መልሷ የታወቀ ነው።

«አልተጻፈም ማለት አልነበረም ማለት ነው? ትናንት የበላኸው ምሳ ተጽፏል?»

ይህች ጥያቄ ከክፍል ወጥታ ከተማውን መዞር ከጀመረች ቆይታለች። የዕድሩ ዳኛ «ወንዶች ድንኳን ይትከሉ» ብሎ ሲያስታውቅ «ሴቶቹስ?» አለች፤ ዳኛው ክፉ ሰው ነውና መዶሻውን ለእሷ ሰጣት። ካስማውን መታች፣ አውራ ጣቷንም መታች፣ ግን አልተወችም። ከዚያ ወዲህ የባጃጁም ሾፌር፣ የሥጋ ቤቱም ሰውዬ የሚጠራት «ቲቸር ሴቶቹስ» እያለ ነው። ፊት ለፊት ግን በኦሮምኛ «በርሲስቱ» ይሏታል፤ መምህርት ማለት ነው።

ሌላው የሚታወቅ ነገሯ የጫት ጠላትነቷ ነው። ምዕራብ ሐረርጌ ተቀምጦ የጫት ጠላት መሆን ባሕር ዳር ተቀምጦ የዓሣ ጠላት እንደመሆን ነው፤ ሰው ያዝንልሃል እንጂ አይሰማህም። እሷ ግን ከምሳ በኋላ ዓይናቸው ፈጦ የሚመጡትን ልጆች ስታይ ደሟ ይፈላል። በትምህርት ቤቱ በር ላይ «ጫት ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ በራሷ እጅ የጻፈችው እሷ ናት። «በጥብቅ» የሚለው በቀይ ነው።

ከበሩ አጠገብ፣ ከሾላው ሥር፣ አዴ ዑሙልኸይር፣ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው፣ ጆንያቸውን አንጥፈው ጫት ይሸጡ ነበር። ማንም ሰው ሳይኖር፣ በሩ ራሱ ሳይተከል እዚያ ነበሩ ይባላል። ዘርፈሽዋል ቀበሌ ተመላለሰች። የቀበሌው ሰዎች ራሳቸው ደንበኞቻቸው ነበሩና ነገሩን ሲያጓትቱ፣ ሲያድበሰብሱ ቆዩ። በመጨረሻ ከጫቱም ከአዴ ዑሙልኸይርም ይልቅ የሚያስፈራው የእሷ ጃንጥላ ሆነና አሮጊቷን አስነስተው ከአስፋልቱ ማዶ፣ ጥላ በሌለበት ወገን አስቀመጧቸው። ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ሰላምታቸው አንድ ነው።

«በርሲስቱ፣ ጸሐዩ ደህና አደረ?» ይላሉ አዴ ዑሙልኸይር ከማዶ።

«ደህና አድሯል አዴ። ሰላም ብሎዎታል» ትላለች ዘርፈሽዋል፣ ሳትቆም።

በዚህ ዓመት ትምህርት ቤቱ ሠላሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ጉርሜሳ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው ደግሞ ከበሩ እንደ ገቡ ያለውን ረጅም ግድግዳ በመሥራቾቹ ምስል ለማስጌጥ ወሰነ። ሥራው ለቢቂላ ተሰጠ። ቢቂላ በከተማው ያሉትን ባጃጆች ሁሉ የቀባ ሰው ነው፤ አንበሳው ያገሳል፣ ንስሩ ይበራል፣ ኳስ ተጫዋቹም ቢሆን ከማሊያው ይታወቃል። ሰው ላይ ግን አንድ ችግር አለበት። አጥንቶ የሚያውቀው የአማቱን ፊት ብቻ ነው፤ በጣም ስለሚፈራቸው በደንብ አይቷቸዋል። ስለዚህ በጠመኔ የነደፋቸው ሰባቱ መሥራች ሽማግሌዎች ተደርድረው ሲታዩ ሰባቱም የቢቂላ አማት ነበሩ።

ዘርፈሽዋል ከንድፉ ፊት ቆማ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሰች። ከዚያ ጃንጥላዋን አነሳች።

«ሴቶቹስ?»

ጉርሜሳ የዛሬ ስንት ዓመት ተማሪዋ ነበር። ርዕሰ መምህር ሆኖም፣ ከረባት አስሮም፣ ጃንጥላው ሲነሳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። አሁንም አለ። መልሱን የሰጡት የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሽ ቢራቱ ናቸው፤ ከሰባቱ መሥራቾች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ በንድፉ ላይም ከዳር ቆመዋል።

«አልነበሩም፣ መምህርት። ይህን ትምህርት ቤት ለፍተን እዚህ ያቆምነው እኛ ነን። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ቢራቱ። ተረቱን ያወጣው ወንድ ነው።»

ጋሽ ቢራቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉ። «እንግዲያው አምጪ። አንዲት ሴት አምጪ፣ ከነሥራዋ፣ ከነምስክሯ። ካመጣሽ ከጎኔ ትሳላለች፣ ቃሌ ነው። ካላመጣሽ በተረፈው ቦታ ቢቂላ አንበሳ ይስልበታል።»

ቢቂላ ደስ አለው። አንበሳ ይሆንለታል።

ዘርፈሽዋል ወደ መምህራን ማረፊያ ገብታ ሻይዋን ሳትነካ አቀዘቀዘችው። ሰኔ ላይ እሷ ትሄዳለች። ግድግዳው ግን አይሄድም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሴት ልጆች «ነበራችሁ፣ በሁሉም ቦታ ነበራችሁ» ብላ አስተምራለች፤ ከእንግዲህ ግድግዳው በየጠዋቱ፣ ገና ከበሩ ሲገቡ «አልነበራችሁም» ይላቸዋል። ይባስ ብሎም ለትምህርት ቤቱ ከሴት አንበሳ ይቀርበዋል ይላቸዋል። ከዚያ ተነስታ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች።

«የቤት ሥራ» አለች። «ከወንዙ ማዶ፣ ማሽላው ውስጥ፣ ፍየል የምትቆምበት የመሠረት ድንጋይ አለ። ሰው ሁሉ የድሮው ትምህርት ቤት ይለዋል፤ ትምህርት ቤት ግን እዚያ ቆሞ አያውቅም። እዚያ ሊሠራ ተወስኖ፣ ድንጋይ ተጥሎ፣ እንዴት ወደዚህ መጣ? ጠይቃችሁ ኑ። ደንቡን ታውቃላችሁ፤ አንድ ሰው የነገራችሁ ወሬ ነው። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች የነገሯችሁም ወሬ ነው። ሁለት የማይዋደዱ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ከነገሯችሁ እሱ ታሪክ ነው።» ይህን ብላ በሰሌዳው ላይ በትልቁ «ሽማግሌዎችን ጠይቁ» ብላ ጻፈች።

ልጆቹ ከተማውን አዳረሱ፤ መልሱንም ይዘው መጡ። አንዱ ሽማግሌ በጅብ ምክንያት ነው ብለዋል። ሌላው ረግረግ ነው ብለዋል። ሌላው አንድ ሼህ በሕልማቸው ተነግሯቸው ነው ብለዋል። አንዱ መንግሥት ነው ብለው ዞር ብለው አይተዋል። ጋሽ ቢራቱ ለአንደኛው ቡድን ጎርፍ፣ ለሁለተኛው ቡድን እባብ ብለዋል። ዘርፈሽዋል ሁሉንም በሰሌዳው ላይ ደረደረችና ጠመኔውን አስቀመጠች።

«ይሄ ታሪክ ነው ወይስ የኖኅ መርከብ?»

ከፊት ወንበር እሴት የተባለች ተማሪ እጇን አወጣች። የመዘምራን መሪ ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ክፍሉን ይሞላል። «ቲቸር፣ አንድ ነገር አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ መልሱን ሲነግሩን፣ በየቤቱ፣ ከጓዳ የሴት ሳቅ ይሰማል። ጅብ ያሉት ቤትም፣ እባብ ያሉት ቤትም።»

«ታዲያ ለምን ጓዳ ገብታችሁ አልጠየቃችሁም?»

እሴት ወደ ሰሌዳው አየች። ሌሎቹም አዩ። በዘርፈሽዋል እጅ የተጻፈው «ሽማግሌዎችን ጠይቁ» እንደ ተጻፈ ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ጎረምሳ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ያልደፈረውን ነገር፣ ለስለስ አድርጎ ተናገረው።

«ሴቶቹስ፣ ቲቸር?»

ዘርፈሽዋል ፊቷ ጋለ። የሃያ ስድስት ዓመት ጥያቄዋን፣ በሚያስፈልጋት ቀን፣ እሷው ራሷ ረሳችው። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ለመቆጣት የሚሆን አማርኛ አጣች። ቀስ ብላ ሰሌዳውን አጠፋችና «በሉ ተመለሱ። በጓዳ በኩል» አለች።

በጓዳ በኩል ሲጠየቅ መልሱ በየቤቱ አንድ ሆነ። ሁሉም ሴቶች መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ ከዚያ «ዑሙልኸይርን ጠይቁ» አሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይሄኛው ግን በግንቦት መጣ።

ዘርፈሽዋል አስፋልቱን ለመሻገር ብዙ አመነታች። አንድ ቀን ፈተና አርማለሁ አለች፣ አንድ ቀን አሞኛል አለች፣ አንድ ቀን እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ሄዳ መኪና በዛ ብላ ተመለሰች። መኪናው አንድ አይሱዙ ነበር፤ እሱም ቆሞ ጎማ ይቀይራል። በመጨረሻ ጃንጥላዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ተሻገረችና ከጆንያው ፊት ቆመች።

«ኤዬ፣ በርሲስቱ» አሉ አዴ ዑሙልኸይር፣ ቀና ሳይሉ። «ጸሐዩ ነው የላከሽ?»

«እኔው ነኝ የመጣሁት፣ አዴ። ልጠይቅዎት ነው። ትምህርት ቤቱ እንዴት ከወንዙ ማዶ ወደዚህ መጣ?»

አሮጊቷ እርጥብ ጨርቁን ከጫቱ ላይ አስተካከሉና ከጎናቸው ያለችውን ባዶ ጆንያ በእጃቸው መታ መታ አደረጉላት። ዘርፈሽዋል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫት አጠገብ ተቀመጠች። ጸሐዩ አናት ይበሳል። ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ ጥቂት አሰበችና ወደ ሁለቱም እንዲደርስ ዘንበል አደረገችው።

«ያኔ ጭሮን አሰበ ተፈሪ ነው የምንላት» ብለው ጀመሩ አዴ ዑሙልኸይር። «ወንዶቹ ተሰበሰቡ፣ ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ይሁን አሉ። ቦታው ሰፊ ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው። እኛም በአፎሻችን ተነጋገርን፤ የሴቶች አፎሻ፣ ለቅሶም ሠርግም የምንረዳዳበት። ሄድን፣ ነገርናቸው። ክረምት ወንዙ ሰው ይወስዳል አልን። ወንዱ ልጅ ይዋኛል፣ ይሻገራል። ሴቷን ልጅ ግን አባቷ ቤት ትቅር ይላታል። እዚህ ገበያው አጠገብ ይሁን፣ እኛም እያየናት ትማር አልን። እነሱ ምን አሉ? ተወስኗል አሉ።»

«እናንተስ?»

«እኛ ምን እንላለን? እሺ አልን።» አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «በማግስቱ ገበሬው ጫቱን ይዞ መጣ። ሁሉንም ተረከብን። ድሬዳዋ በሚሄደው መኪና ላይ ጫንነው፣ ሄደ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ጆንያችንን አንጥፈን፣ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ከዚህ እስከ መናኸሪያ ድረስ፣ ሴቱ ሁሉ። ባዶ ጆንያ። ምሳ ተበላ፣ የበርጫ፣ የመቃሚያ ሰዓት ደረሰ። ወንዶቹ መጡ። ጫቱስ? ሄደ። ነገስ? ነገም ይሄዳል።»

ዘርፈሽዋል ከንፈሯን ነከሰች።

«ሰው ወደ ቦርደዴ ላኩ። የቦርደዴ ሴቶች ለማን ነው ብለው ጠየቁ። ለአሰበ ተፈሪ ሽማግሌዎች ሲላቸው ጆንያቸውን አጥፈው ቤታቸው ገቡ። ወደ በደሳ ላኩ፣ ያው። ሴት ስልክ የላትም ያኔ፣ ግን ወሬው በምን እንደሄደ እኔም አላውቅም። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ ወላሂ፣ ሀራራው፣ ያ የጫት አምሮት፣ የያዛቸው ጊዜ ማየት ነበረብሽ። ፍራሹ ተነጥፏል፣ ውሃው ቀርቧል፣ የሚቃም የለም። ያዛጋሉ፣ ይጣላሉ፣ አገጫቸውን ያሻሉ። አንዱማ የሻይ ቅጠል አኘከ።»

«ማን?»

«ያንቺ ሊቀ መንበር።»

እዚህ ላይ ዘርፈሽዋል አልቻለችም። ጃንጥላው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከአስፋልቱ ማዶ የነበሩ ተማሪዎች ቲቸር ሴቶቹስ ከጫት ነጋዴ ጎን ተቀምጣ ስትስቅ አይተው፣ የዓለም መጨረሻ መድረሱን ለመናገር እየሮጡ ገቡ።

«ከመምሸቱ በፊት መጥተው እሺ አሉ» አሉ አዴ ዑሙልኸይር። «በሩ ከሾላው አጠገብ ይሁን አልኩ እኔ። ልጆቼ ሲገቡ ሲወጡ እንዳያቸው። ታናሿ እዚህ ጨረሰች፤ አንቺ ነሽ ያስተማርሻት። አንቺ ሴቶቹስ ስትዪ፣ ገበያ ነበሩ እያለች የምትመልስልሽ። አሁን መሰላ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት።»

ዘርፈሽዋል ልጅቱን አስታወሰቻት፤ የፊት ወንበር፣ ሰማያዊ ሂጃብ። ከዚያ ቀና ብላ ሾላውን፣ በሩን፣ በበሩም ላይ የራሷን ቀይ «በጥብቅ» አየች። ሃያ ስድስት ዓመት የገባችበት በር በእኒህ ሴትዮ ጉልበት የቆመ ነው፤ እሷ ደግሞ ከሾላው ጥላ አስነስታ ጸሐይ ላይ አስቀመጠቻቸው። አፈረች። እስከ ጥፍሯ ድረስ አፈረች።

«ሁለተኛ ምስክር ያስፈልገኛል» አለች። «እርስዎን የማይወድ።»

«አንቺ አለሽ።»

«እኔ ያኔ አልነበርኩም።»

«እንግዲያው ቢራቱ ነዋ። ግን ይክዳል።» አሮጊቷ ጥቂት አሰቡ። «ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«ሐሙስ፣ ጠዋት። ሁልጊዜ ጠዋት ነው።»

«ከምሳ በኋላ አድርጊው። ብዙ ማውራት ትችያለሽ?»

«የታሪክ መምህር ነኝ፣ አዴ።»

«በቃ። ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

ዘርፈሽዋል ጠይቃው፣ ጉርሜሳ ጠዋት ፈተና ስላለ ስብሰባው ከሰዓት ሆኗል ብሎ አስታወቀ። ጋሽ ቢራቱ አጉረመረሙ፤ ግን ስብሰባው አጭር እንደሆነ ተነግሯቸው፣ በመንገድ ላይ ጫታቸውን ገዝተው፣ እንዳለቀ በቀጥታ ወደ በርጫቸው ለመሄድ አስበው መጡ። አስፋልቱ ላይ አዴ ዑሙልኸይርን ጠየቁ። «አልቋል» አሉ አዴ። ቀጥላ ያለችውን ጠየቁ። አልቋል። ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም ራሷን ነቀነቀች። እስከ መናኸሪያ ተጉዘው ባዶ እጃቸውን ተመለሱና ስብሰባው ላይ ተቀመጡ።

ዘርፈሽዋል ተነስታ ጀመረች። ከጥንት ጀመረች። ስለ ትምህርት አጀማመር በጠቅላላው፣ ስለ ወንዞች ጠባይ፣ ስለ መንገድ ሥራ፣ ስለ ገበያ አመጣጥ ተናገረች። ቢቂላ አንቀላፋ። ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ የተጠራችው እሴት እጇን አራገፈች። ጋሽ ቢራቱ አዛጉ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ አገጫቸውን ማሸት ጀመሩ። ይህኔ ዘርፈሽዋል ወደ ነገሩ ገባችና ባዶውን ጆንያ፣ ድሬዳዋ የሄደውን ጫት፣ የቦርደዴን ሴቶች፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። የሻይ ቅጠሉን ብቻ ለይታ አስቀረችው።

ጋሽ ቢራቱ አልደነገጡም። ብልህ ሰው ናቸው፤ ሌላ በር ከፈቱ። «እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ታዲያ ጫት ሻጭ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ልትሰቅይ ነው? በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ የማን ጽሑፍ ነው?»

ሁሉም ወደ ዘርፈሽዋል ዞሩ። ጉርሜሳም በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ እውነታቸውን ነው። ጫት ግድግዳ ላይ ካወጣን ነገ ተማሪው ምን ይለናል?»

ይህን ጥያቄ እሷም ለቀናት ስታገላብጠው ነበር፤ መልስ አላገኘችለትም። ጫት ዛሬም ጠላቷ ነው። ለአንዲት ሴት ምስል ብላ የሃያ ስድስት ዓመት ቃሏን ብታጥፍ ልጆቹን በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? ቃሏን ብትጠብቅ ደግሞ ግድግዳው ለአንበሳ ቀረ። ጃንጥላዋን ይዛ ቆመች። ቢቂላ ከዝምታው ብዛት ነቃ።

በሩ ተከፈተና አዴ ዑሙልኸይር ገቡ። ባዶ ጆንያቸውን በክንዳቸው አጥፈው ይዘዋል። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ወንበር ሳይጠብቁ ከበሩ አጠገብ ጆንያውን አንጥፈው ተቀመጡ።

«ከደጅ ሰማሁ» አሉ። «ጫት ሳሉ ያላችሁ ማነው? ጫቱማ ያን ቀን ድሬዳዋ ሄዷል። ጫት የሸጥንበት ቀን ሌላ ነው፣ እሱን ማንም አይስለው። ያልሸጥንበትን ቀን ሳሉ። ባዶ ጆንያ፣ የታጠፈ እጅ። በቃ።»

መጀመሪያ የተናገረው ቢቂላ ነው። «ባዶ ጆንያ እችላለሁ» አለ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። ቅጠል መሣል ጨንቆት ነበር።

የዘርፈሽዋል ቃልም አልታጠፈ፣ ግድግዳውም ለአንበሳ አልቀረ። ጋሽ ቢራቱ ግን ገና አልለቀቁም። «ምስክር ነው ያልኩት! እሷ ለራሷ ምስክር አትሆንም። እኔ የማውቀው ጎርፍ ነው።»

«ባለፈው እባብ ብለው ነበር» አለች እሴት፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

«ጎርፉ ያመጣው እባብ!»

«እኔ አልቸኩልም፣ ቢራቱ» አሉ አዴ ዑሙልኸይር። እጃቸውን አጣጥፈው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጋሽ ቢራቱ ሰዓታቸውን አዩ። የበርጫው ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ግንባራቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ለመሆኑ ዛሬ በዚህ ከተማ ጫት ያለው የት ነው?»

«የለም። ሄደ።»

«ነገስ?»

«ነገም ይሄዳል።»

ጋሽ ቢራቱ ብድግ አሉ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው ልትጀምሪን ነው?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሴት ቃል በቃል ጻፈችው። ጉርሜሳ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ቢራቱ እንደ ቆሙ ቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ከዚያ ሳይወዱ በግድ መሣቅ ጀመሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉና ሁሉንም ከራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ ሀራራውንም፣ ፍራሹ ላይ የተነሳውን ጠብም፣ እሺ ሊሉ ሲሄዱ አንዱ ሌላውን ለመቅደም እንደተጋፉም።

«ነገር ግን የሻይ ቅጠል አልነበረም» አሉ፣ ጣታቸውን አንስተው። «የሎሚ ቅጠል ነው።»

«የሻይ ነው» አሉ አዴ ዑሙልኸይር።

«ሁለት ምስክሮች በትንሹ ካልተለያዩ ተማክረዋል ማለት ነው» አለች ዘርፈሽዋል። በዚያች ሰዓት ከእሷ የበለጠ ደስተኛ የታሪክ መምህር በመላው ሐረርጌ አልነበረም።

ቢቂላ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ የቀባቸው ሴቶች ሁሉ ሻሽ ያሰሩ አማቱ ነበሩ። አዴ ዑሙልኸይር መጥተው አዩና «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ጆንያቸውን ከግድግዳው ፊት አንጥፈው «እየኝ» ብለው ተቀመጡ። ቢቂላ እያጠፋ፣ እያየ፣ እየተቆጡት በዕድሜው ሁለተኛ ፊት ተማረ። ከጋሽ ቢራቱ ጎን ጀምሮ እስከ ግድግዳው ጥግ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ታጥፏል፣ ፊታቸው የተነጠፈው ጆንያ ባዶ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ጥግ ውስጥ፣ ማንም ሳያዘው ትንሽ አንበሳ ጨምሯል። አንበሳውም ባዶ ጆንያ ፊት ተቀምጧል።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ዘርፈሽዋል ማስታወቂያዋን እርጥብ ጨርቅ ይዛ አጸዳችው፣ ቀዩንም አደመቀችው። ከዚያ አስፋልቱን ተሻገረች።

«ከሾላው ሥር አልመልስዎትም፣ አዴ» አለች። «ጫት ከበሩ መራቅ አለበት፣ በዚህ አልታረቅም። ጥላውን የወሰድኩብዎት ግን እኔ ነኝ።» ጃንጥላዋን ዘርግታ ዘንጉን ከጆንያው አጠገብ በድንጋይ መሀል ተከለችው። ድንኳን ተካይ ናትና ጠበቅ አድርጋ ተከለችው።

አዴ ዑሙልኸይር ቀና ብለው ጨርቁን አዩ። «ያው የደብረ ብርሃኑ ነው?»

«ያው ነው።»

«ያንቺስ ራስ?»

«እኔ ጡረታ ወጣሁ። ከእንግዲህ ጥላ እየፈለግሁ መቀመጥ ነው።»

ከሰዓት በኋላ እንግዶች መጡ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ጨርቁ ከግድግዳው ላይ ተነሳ። ከሩቅ የመጡ አንድ የክብር እንግዳ ከሰባቱ ሽማግሌዎች ፊት አልፈው ከሴቶቹ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እነዚህ ሴቶች ምን እየሠሩ ነው?» አሉ።

ዘርፈሽዋል አፏን ከፈተች። ጋሽ ቢራቱ ግን ቀደሟት።

«ምንም» አሉ። «ያን ቀን እንዲህ ቁጭ ብለው ምንም ባይሠሩ ኖሮ፣ እርስዎን ዛሬ የምንቀበልዎ ከወንዙ ማዶ ነበር። እዚህ የቆሙት ሴት ልጆች ደግሞ አይኖሩም ነበር።»

ይህን ብለው ሰዓታቸውን አዩ። የበርጫው ሰዓት ደርሷል። እንግዳውን ይቅርታ ጠይቀው፣ በበሩ ወጥተው፣ አስፋልቱን ወደ ጥቁሩ ጃንጥላ ተሻገሩ። አዴ ዑሙልኸይር ከጥላው ሥር ሆነው ሲመጡ አዩዋቸው። ጫቱን የሸፈነውን እርጥብ ጨርቅ ግን ቶሎ አልገለጡም።